የዘጠኝ ቁጥር አግዳሚ ወንበር

ጎሚስታው ስም ነበረው፤ ሠፈሩ ግን ከረሳው ቆይቷል። ኮምፕሬሰር ነው የሚሉት፤ ጎማም ወሬም ሊፈነዳ እስኪደርስ ስለሚነፋ። በአንድ ወቅት የአውሮፕላን ጎማ ለጥፌያለሁ ብሎ አወራ። «የት አግኝተኸው?» ሲሉት፣ «ደመና ላይ ሳለ ተነፈሰበት። ወርዶ እዚህ ደጄ ላይ ቆመ። ፓይለቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ‹ወንድሜ፣ የቸኮሉ ሰዎች ጭኛለሁ፣ ቶሎ በልልኝ› አለኝ» አላቸው። የሰማ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ውሸት ሲያወራ ፊቱን እንደ ዳኛ ያኮሳትራል፤ ጥበቡም እዚያ ላይ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ወሬው አየር እያነሰው መጥቷል። ይጀምርና ይተወዋል። አውሮፕላኑን ከደመና ያወርደውና ደጁ ሳያደርሰው ዓይኑ ይከደናል።

«ምነው ኮምፕሬሰር፣ ፓይለቱን አየር ላይ ትተኸው ተኛህ?» ይሉታል።

«ይዙርበት፣ ነዳጅ አለው» ይላል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ያደከመው ጎማ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ጋሼ ይላቸዋል። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያልፉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አስተማሪ ነበሩ፤ አራተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው፣ አራተኛ ክፍል የጣሉትም እሳቸው። «ወንድሜ ስለሆንክ ነው የምጥልህ፤ ሌላውማ ባያውቅም ይለፍ» አሉት። እሱም ተናዶ ደብተሩን ወረወረና የጎማ መፍቻ ብረት አነሳ። ብረቱ እስከ ዛሬ ከእጁ አልወረደም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ጋሼ ክፍል ውስጥ ቆመው ስም ሲጠሩ፣ ባዶ ወንበር ላይ ለእሳቸው ብቻ የሚታዩ ልጆችን ስም ጨምረው ጠሩ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ዝም አሉ። ቀጥሎ አንዷ ልጅ አለቀሰች። ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ጠመኔ አልያዙም። በየወሩ የምትሰጥ አንዲት መርፌ አለች፤ እሷን በወቅቷ ሲወጉ ደህና ናቸው። ጎማ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው የመንገዱን ማስታወቂያ ፊደል ሲያርሙ ይውላሉ። ሥጋ ሻጩን በአንዲት ፊደል የተነሳ ሙሉ ታፔላውን እንዲያስቀባ አድርገውታል። መርፌዋ ካለፈች ግን ታክሲ ተራ ይወርዳሉ። ሚኒባስ ያስቆሙና በሩን ከፍተው ተሳፋሪ ይቆጣጠራሉ።

«ከኋላ ያለኸው! ትናንት የት ነበርክ?»

የሚያውቃቸው ሰው «አሞኝ ነበር ጋሼ» ብሎ ይመልሳል፤ እሳቸውም «ይማርህ» ብለው በሩን ይዘጋሉ። የማያውቃቸው ግን ይሰድባቸዋል። አንድ ጊዜ የፊት ጥርሳቸውን ሰብረው ልከዋቸዋል።

ድሮ መርፌዋ የምትገኘው ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ከሚያስኬደው ሆስፒታል ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ ሾፌሩ «ካልታሰሩ አልጭንም» አለ። ኮምፕሬሰር ገመድ ቆዳ ይልጣል ብሎ ያሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ሰነጠቀና ያሳደጉትን ሁለት እጆች በገዛ እጁ አሰረ። ጋሼ መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሲደርሱ ብቻ እጃቸውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና «ቋጠሮህ ጎበዝ ነው። ፈተና ላይ እንዲህ ብትሆን ኖሮ» አሉት።

ያ ላስቲክ ጎማ ቤቱ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አይጥለውም፣ አይሠራበትም። ሁለተኛ ላይዘው ለራሱ ምሏል።

ኋላ ላይ መንግሥት ደግ ውሎ ዋለና ጎማ ቤቱ አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት ክፍል ከፈተ። ዘጠኝ ቁጥር ይሏታል። አንዲት ሲስተር ተመደበች፤ መርፌዋም መጣች። ኮምፕሬሰር የዚያን ሰሞን የነፋው ወሬ እስከ ዛሬ አልተነፈሰም። ችግሩ ክፍሏን የሠራው ሰው ነው። በሕይወቱ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው መሆን አለበት። በሯን አጥሩ ጥግ፣ ታክሲ ተራውን ፊት ለፊት አስቀመጣት። ከላይዋ «የአእምሮ ሕክምና» ተብሎ ዓይነ ሥውር እንኳ በሚያነበው ትልቅ ፊደል ተጽፏል። ሰው እዚያ ከገባ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ሁሉ ያየዋል፤ እሱ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ቤቱ ገብቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በሯ ላይ ያለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ጾሙን ነበር የሚያድረው። ጋሼና ሌላ ሁለት ሦስት ሰው ካልሆነ በስተቀር ድርሽ የሚል የለም።

አንድ ከሰዓት ሲስተር ራሷ ጎማ ቤቱ መጣች። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች የተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«ኮምፕሬሰር፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

«ንገሪኝ ሲስተር። ከአውሮፕላን ጎማ አይበልጥም።»

«ክፍሉን ሊዘጉት ነው። ነገ ከጤና ቢሮ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ተገልጋይ የለም ብለዋል።»

ኮምፕሬሰር ጎማውን ለቀቀው። ጎማው ተንከባሎ ግድግዳውን መታና ወደቀ። ዓይኑ ሳይፈልግ ሚስማሩ ላይ ሄደ።

«ሰው እኮ ሞልቷል» አለ። «እዚህ መንገድ ላይ በደህና የተኛ አንድ ሰው ጥራ ብባል አላገኝም።»

«እኔም አውቃለሁ። ግን ክፍሌ በር ላይ አልተቀመጡም። እነሱ የሚቆጥሩት የተቀመጠውን ነው።»

ሲስተር እግሯን እየጎተተች ሄደች። ኮምፕሬሰር ብቻውን ሲቀር ትንሽ አሰበ፤ ብዙ ማሰብ ልማዱ አይደለም። ከዚያ ሦስት ሰው ጠራ።

የመጀመሪያው የታክሲ ተራ አስከባሪው ነው። አፉ ጡሩምባ ነው፤ ሲቆጣ ሚኒባሶቹ ራሳቸው ወደ ኋላ የሚሄዱ ይመስላል። ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ነች፤ ሱቋ ከጎማ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሦስተኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ናቸው። ወንበር ላይ በተቀመጡ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ስለዚህ አባባ ፍሬን ይባላሉ።

«ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል» አላቸው ኮምፕሬሰር። «እናንተ ደግሞ ታማችኋል።»

«ማን? እኔ?» አለ ተራ አስከባሪው። «እኔን የሚያሳምም ገና አልተወለደም።»

«ለዚህ ነው የመረጥኩህ። አንተ ከታመምክ ማንም ሊታመም ይችላል ማለት ነው።»

«በሽታዬ ምንድነው ታዲያ?»

«የትራፊክ መብራት ነኝ ትላለህ። ቀይ ስትሆን ሰው በፊትህ እንዲያልፍ አትወድም።»

«እሱንማ በጤናዬም አልወድም።»

«በል፣ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። አንቺ እትዬ፣ ስፌት መኪናሽ ውስጥ ድመት ገብታ ታናግርሻለች።»

«ምን ትለኛለች?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የምትሰፊውን ጨርቅ ታጥላላለች።»

«ዘንድሮ ከመጣው ጨርቅ ድመቷ እውነቷን ነው።»

«እኔስ ልጄ?» አሉ አባባ ፍሬን።

«እርስዎ ምንም አይበሉ አባባ። ቁጭ ይበሉ፣ እግርዎ ይበቃል።»

ሁሉም ሳቁ። አባባ ፍሬን እግራቸውን አዩት። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑና ያዙት። እሳቸው አልሳቁም።

ልብስ ሰፊዋ ግን ቶሎ ከሳቋ ተመለሰች። «ሰዉ ቢያየኝስ? ነገ ‹አብዳለች› ብሎ ጨርቁን ከእጄ ቢወስድብኝ?»

«ውሸት እኮ ነው እትዬ።»

«ወሬ መቼ ውሸትና እውነት ይለያል? ይህን አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ኮምፕሬሰር አፉን ከፈተ። ለወትሮው እዚህ ቦታ ላይ አንድ አውሮፕላን ይወርድ ነበር። ዛሬ የሚወርድ ጠፋ። በአገጩ ብቻ ሚስማሩን አሳያት። ላስቲኩን የማያውቅ ሰው ሠፈሩ ውስጥ አልነበረም።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ቀጭን፣ ጫማው የተወለወለ፣ ራሱ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። በረንዳው ጥግ ወንበር ተሰጠውና እስክሪብቶውን አወጣ። አግዳሚው ላይ ሦስቱ ተደርድረዋል፤ ጋሼ መጨረሻ ላይ ሰልፉን እንዲያስረዝሙ ተቀምጠዋል። የመርፌያቸው ቀን ደርሶ ስለነበር ትንሽ ትንሽ ጀማምሯቸዋል። ኮምፕሬሰር ከግንቡ ጋር ተደግፎ የቆመው እንደ አስታማሚ ነው፤ ከጋሼ ሌላ ይኼኛው ብቻ እውነት ነበር።

ተራ አስከባሪው ቀድሞ ገባ። በሩ ገና ሳይዘጋ «እኔ የትራፊክ መብራት ነኝ!» ሲል ታክሲ ተራው ሙሉ ሰማው። ሰልፉ ላይ የቆሙት ተጠቃቀሱ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ ድምፅ ጠፋ። ኮምፕሬሰር ቶሎ ይወጣል ብሎ ነበር። ቆየ። ጥላው ከአንደኛው ምሰሶ ተነስቶ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ተራ አስከባሪው ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን አልካት?» አለ ኮምፕሬሰር በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«መብራቱን ነገርካት አይደል?»

«ነገርኳት። ‹ቀይ ስትሆን በፊትህ ማን ነው የሚያልፈው?› አለችኝ።»

«እና?»

«እና ዝም በል አልኩህ።»

ወደ ተራው አልተመለሰም። ሚኒባሶቹ እርስ በርስ ሲጣበቁና ጡሩምባ ሲነፉ እያየ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ለሐሙስ ቀጠሮ የተሰጠበትን ቁራጭ ወረቀት ቆቡ ውስጥ ከተተው።

ልብስ ሰፊዋ ገባች። ስትወጣ አፍንጫዋን በቁራጭ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። ኮምፕሬሰርን አልፋው ሄዳ፣ ሱቋን በቀትር ዘግታ ቤቷ ገባች፤ ይህን ስታደርግ ማንም አይቶ አያውቅም። ቀን የሰፋችውን ስፌት ሁሉ፣ አንድም ስህተት ሳይኖረው፣ ወደ ማታ መልሳ እየተረተረች እንደገና ትሰፋው እንደነበር ሠፈሩ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሷው ራሷ ስትናገረው።

አባባ ፍሬን ሲገቡ በሩ ትንሽ ገርበብ ብሎ ቀረ። ቃል አይሰማም። ጫማቸው ብቻ ሲሚንቶውን ሲረግጥ ይሰማል፤ ቆም ይልና ይረግጣል፣ ቆም ይልና ይረግጣል። ኮምፕሬሰር ከዚያ በፊት በዚያ እግር ስንት ቀልድ እንደሠራ አሰበና ጆሮውን ወደ መንገዱ አዞረ። ጆሮው ግን ተመልሶ ሄደ። ከቆይታ በኋላ ድምፁ ቀረ። ሰውየው የመጨረሻ አውቶቡሳቸውን የሆነ ቦታ አቁመው የወረዱ ያህል ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ፣ ያ ጡሩምባ ገብቶ በሰላም እንደወጣ፣ ጣሪያውም እንዳልተደረመሰበት አየ። መጀመሪያ አንድ የታክሲ ረዳት፣ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የመጣ መስሎ ወንበሩ ጫፍ ላይ አረፈ። አንዲት ሴትዮ የገዛችውን ዕቃ እንደተሸከመች መጣችና «ይሄ ወንበር ለማረፍ ነው ወይስ ለሌላ?» አለች። «ለሁለቱም ነው እናቴ» አላት ተራ አስከባሪው፤ ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር። ከዚያ ሌላ መጣ። ከዚያ ሌላ። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ወንበሩን ጠጋ አደረገ፣ በኋላ ወንበሩን ለአንዲት ነፍሰ ጡር ለቆ ቆሞ ጻፈ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ አላስቻላቸውም፤ ተነሱ።

«ከጥግ ያለኸው! የምትጽፈው!»

«እኔን ነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አቤት ነው የሚባለው።»

«አቤት።»

«ሳታዳምጥ ምኑን ነው የምትጽፈው?»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ኮምፕሬሰር ሳቁን ዋጠ፤ ብዙ ጊዜው ነበር የሚዋጥ ሳቅ ካገኘ። ጋሼ መርፌያቸውን ተወጉና የዚያን ቀን ማታ ኮምፕሬሰር ከሁሉ ቀድሞ ተኛ።

ለጥቂት ሳምንታት አግዳሚው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ኮምፕሬሰርም ወሬውን ነፋ፤ ሰልፉ ድልድዩን አልፎ ወንዙን ተሻግሯል አለ። ከዚያ ሲስተር እንደገና ጎማ ቤቱ መጣች። የዚያን ቀን አልተቀመጠችም።

«ሪፖርቱ ደረሰ። ጥሩ ነው።»

«ፊትሽ ግን ጥሩ አይደለም።»

«በጣም ጥሩ ነው። ‹ይህን ያህል ሕዝብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሊስተናገድ አይገባም፣ አገልግሎቱ ወደ ሆስፒታል ደረጃ ይደግ› ይላል። አድጓል እንግዲህ። እኔም አብሬ አድጌ ሆስፒታል ተመድቤያለሁ።»

«የትኛው ሆስፒታል?»

«ሩቁ።»

ኮምፕሬሰር ኮምፕሬሰሩን አጠፋው። ጎማ ቤቱ ድንገት ጸጥ አለ።

«ሰው ሲያንስ ይዘጋል፣ ሰው ሲበዛ ያድጋል» አለ። «ለመሆኑ ስንት ብንሆን ነበር የሚተዉን?»

«እንጃ። ቁጥሩን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።»

ዘጠኝ ቁጥር ተቆለፈች። ሐሙስ ሲሆን ተራ አስከባሪው ቆቡን ይዞ መጣና በሩን ገፋ፣ ገፋ፣ ከዚያ ወደ ጎማ ቤቱ ተሻገረ። ልብስ ሰፊዋም መጣች። አባባ ፍሬንም።

«አንተ ነህ ያስገባኸን» አለው ተራ አስከባሪው። «እኔ እኮ ደህና ነበርኩ። ስሳደብ ውዬ ስሳደብ ማደር ነበር። አሁን ጀምሬ ያልጨረስኩት ነገር አለ፤ ለማን ነው የምጨርሰው? ለሚኒባስ?»

«ለእኔ ጨርሰው።»

«ለአንተ ነግሬህ፣ ነገ ወንዝ አሻግረህ ልትነፋው?»

ኮምፕሬሰር ወደ ጎማው ዞረ። የሌሎቹን ሸክም ማሰብ ይቅርና የራሱ ደርሶ ነበር። የጋሼ መርፌ ቀን አልፏል። መጀመሪያ የማስታወቂያ ፊደል ማረም ተዉ። ቀጥሎ ማታ ማታ ግድግዳው ፊት ቆመው ስም ይጠሩ ጀመር። ኮምፕሬሰር ሾልከው እንዳይወጡ በሩ ሥር ተጋድሞ ያድራል፤ ጋሼ በላዩ ለመሻገር በሞከሩ ቁጥር ይነሳል፣ ይመልሳቸዋል፣ ይጋደማል። ቀን ጎማ ሲፈታ ብሎኑ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየዋል። የአንዱን መኪና ጎማ ለሌላው ገጥሞ፣ ሁለቱም ባለመኪናዎች ሳያውቁ ሄደው፣ ሁለቱም ተመልሰው አንቀውታል።

አንድ ጠዋት ጋሼ ከጎማ ቤቱ ወጥተው ወደ ታክሲ ተራው ሲሮጡ ያዛቸው። ታገሉት። ጎተተና አስገባቸው። ከዚያ እጁ ራሱ ወደ ሚስማሩ ሄደና ላስቲኩን አወረደ። አቧራ ጠጥቷል። ጋሼ አዩት። መታገላቸውን አቆሙና ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ዘረጉለት።

«እሰር» አሉ። «ባለፈው ጎበዝ ነበርክ።»

ኮምፕሬሰር ላስቲኩን እንደያዘ ጎማው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነስቶ መልሶ ሰቀለው።

«ጋሼ፣ ደከመኝ» አለ። እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ጋሼ እጃቸውን አወረዱ። በሩን አሻግረው የተቆለፈችውን ክፍል አዩ።

«ክፍሉ አስተማሪ የለውም?»

«የለውም ጋሼ። ወሰዷት።»

«አስተማሪ ካልመጣ ተማሪ ምን ያደርጋል?»

«ይጫወታል።»

«አንተ ነህ የምትጫወተው፤ ለዚህም ወደቅህ። ደህና ተማሪ ወንበሩን ይይዝና ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ሳይጮህ።»

ይህን የተናገሩት ታመው ይሁን ተሽሏቸው ኮምፕሬሰር አልለየም። መለየትም አላሰኘውም። ሦስቱን ጠራቸው፤ አግዳሚውን ከዘጠኝ ቁጥር በር ላይ አነሱት። ረጅምና ከባድ ነው፤ መንግሥት ዕቃ ሲሠራ ለክብደቱ አይሰስትም። ተራ አስከባሪው መሐል መንገድ ገብቶ እጁን ዘረጋና መኪናውን ሁሉ አቆመ። «ቀይ ነው!» አለ፤ ከዚያ ራሱም ትንሽ ፈገግ አለ። ጋሼ በመጨረሻ፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ክፍል እንደሚመራ ሰው ተከተሉ።

ጤና ቢሮው በር ላይ ጥበቃው «ወንበር ይዞ መግባት አይቻልም» አለ።

«የት ተጽፏል?» አሉ ጋሼ።

ጥበቃው ግድግዳውን ዞሮ አየ። ስለ መሣሪያ፣ ስለ ሲጋራ ተጽፏል። ስለ ወንበር የተጻፈ አልነበረም። አስገባቸው። ኮሪደሩን ተሻግረው አግዳሚውን ከኃላፊው በር ጋር ግጥም አድርገው አስቀመጡና ተቀመጡበት። ጸሐፊው «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። «ይሰብሰቡ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ኮምፕሬሰር ለኃላፊው የሚነፋውን መንገድ ሙሉ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። በሕይወቱ ትልቁ ነው። ሰባት ታካሚ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፣ አንዱ የውሃውን ታንከር ይዞ አልለቅም ብሏል፣ ከተማው ውሃ አጥቷል። መግቢያውን አሳምሯል፣ መውጫው ብቻ ይቀረዋል። መውጫውን ላስብ ብሎ ዓይኑን አንድ አፍታ ከደነ።

ሲገልጠው የኮሪደሩ ብርሃን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞሯል። ጭንቅላቱ ጋሼ ትከሻ ላይ ነው። ካፖርታቸው በላዩ ተደርቧል። ሌሎቹ ለመሄድ ተነስተው ቆመዋል።

«ኃላፊው ወጡ እንዴ?» አለ ዘሎ ተነስቶ።

«ተነጋግረን ጨረስን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን አላችሁት? እኔ ሳልናገር?»

የሆነው እንዲህ ነው፤ ማለትም እንዲህ ነው ይላሉ። ኃላፊው ሊወጣ በሩን ሲከፍት አግዳሚው ጉልበቱን መታው። «ምንድነው ይሄ?» ብሎ ሊጮህ ሲል ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ቀስ ብለው ይናገሩ። ሰው ተኝቷል» አሉት። ኃላፊው፣ ለምን እንደሆነ ራሱም ሳያውቅ፣ ድምፁን ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ክርክር በሹክሹክታ ሲካሄድ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ኃላፊው በሹክሹክታ በጀት የለም አለ። በሹክሹክታ አሠራር አለ አለ። ተራ አስከባሪው በሹክሹክታ ሊሳደብ ሞከረና አልሆነለትም። ልብስ ሰፊዋ ግን የመጀመሪያውን ቀን ነገር አንድ ሳትደብቅ ተናገረች፤ መብራቱንም፣ ድመቷንም።

«ታዲያ ቁጥሩ ውሸት ነበር ማለት ነው» አለ ኃላፊው። «አገልግሎቱ መጀመሪያም አያስፈልግም ነበር።»

«ውሸት ይዘን ነው የገባነው ጌታዬ» አለች። «ይዘነው አልወጣንም። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ለማን ልሂድ?»

የአባባ ፍሬን እግር የኮሪደሩን ወለል ይረግጥ ነበር። ኃላፊው ወደ እግሩ አየ፤ ከዚያ ዓይኑ እጁ በጎማ ጥቀርሻ የጠቆረ፣ አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ሰው ላይ አረፈ።

«ይሄኛውስ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔን ሲጠብቅ ነው» አሉ ጋሼ።

ኃላፊው ገብቶ ስልክ ደወለ፤ ስልኩንም በሹክሹክታ ነው ያናገረው። ተመልሶ ወጥቶ፣ «ሲስተር ሐሙስ ሐሙስ ከመድኃኒት መኪናው ጋር ትመጣለች። መርፌውም አብሮ ይመጣል። ከዚህ ሌላ ቃል አልገባም» አለ።

ይኼው ነው። በሳምንት አንድ ቀን። አባባ ፍሬን «ካልቆመ መኪና የሚንፏቀቅ ይሻላል» አሉ፤ ደስታም ኀዘንም ድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። ወንበሩን ሊያነሱት ሲሉ ጋሼ ከለከሉ።

«እዚሁ ይቆይ። መኪናው መጥቶ እስካይ።»

ሐሙስ ደረሰ። እስከዚያ ኮምፕሬሰር በሩ ሥር አደረ፤ ልዩነቱ ተራ አስከባሪውና አባባ ፍሬን ማታ ማታ እየተፈራረቁ ለሰዓት ለሰዓት መተካታቸው ነው። መኪናው ጠዋት ይመጣል ተብሎ ከቀትር በኋላ መጣ። ሲስተር አቧራ ለብሳ ከካርቶኖቹ መሐል ወረደች። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«አርፍደሻል» አሏት።

«መንገዱ ነው ጋሼ።»

«ግቢ። ሁለተኛ እንዳይደገም።»

እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡላት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ዘጠኝ ቁጥር በር ላይ ሰዎች ቆመው ነው የሚጠብቁት። አግዳሚው እስከ ዛሬ ኃላፊው በር ላይ ነው። ጸሐፊው መጥቶ ውሰዱልን ባለ ቁጥር ጋሼ «የሚቀጥለው ሐሙስ ይምጣና» ይሉታል። ሲስተር ሁለት ሐሙስ ቀርታለች፤ ጋሼ ሁለቱንም ጊዜ ሄደው ተቀምጠውበታል።

ታክሲ ተራው ላይ የዚያን ቀን ታሪክ በየቀኑ ያድጋል። ተራ አስከባሪው ጠረጴዛ መትቶ መስኮት አራግፏል። ኃላፊው እንደ ሕፃን አልቅሷል። አንዱ ደግሞ ሚኒስትሩ በስልክ ይቅርታ ጠይቀዋል ብሎ ጨምሯል። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ እንግዳ ሰው ሁሉ ኮምፕሬሰርን ይጠይቀዋል፤ የነገሩ ጀማሪ እሱ ነው ተብሏልና።

«አንተ ግን ምን አልከው ኃላፊውን?»

«ምንም። ተኝቼ ነበር።»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «አይ ኮምፕሬሰር! እስቲ እውነቱን ንገረን።»

«እውነቴን ነው፤ ተኝቼ ነበር» ይላል፣ ፊቱን ሳያኮሳትር። የሚያምነው የለም። ጎማውን ውሃው ውስጥ ያስገባና፣ አረፋው በየት በኩል እንደሚወጣ እየተጠባበቀ፣ ዓይኑን ትንሽ ይከድናል።